ሲያዩት ብቻ የሚሠራው ዋይፋይ

ቲቪው ላይ መንዙማ የሚያዜመው ሰውዬ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ፊቱ ላይ ያ የተረገመ ክብ መሽከርከር ጀመረ።

«ማል ታኤ?» አለች አዳዳ ዓዲላ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ። «ምን ሆነ ደግሞ? ኧረ የሰውዬውን አፍ ዝጉለት፣ ዝንብ ይገባበታል!»

ፈይሩዝ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተነሳች። ራውተሩ ቡፌው ላይ ነው። የለበሰውን አረንጓዴ የከፋይ ጨርቅ ገልጣ አየችው። ደህና በሆነ ቀን አረንጓዴ የሚያበራው መብራት ቀልቷል። አጠፋችው፤ ትንሽ ጠብቃ አበራችው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። ሰውዬውም ካቆመበት ቀጠለ።

«ማሻአላህ! እጅሽ መድኃኒት ነው» አለች አዳዳ። ማራገቢያዋን አስቀምጣ፣ ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ተነሳችና ከፋዩን አነሳች። «ቢስሚላህ» ብላ ራውተሩን መልሳ አለበሰችው።

አዳዳ ዓዲላ የፈይሩዝ አባት እህት ናት። ከጨፋ ሮቢት የመጣችው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ ልጇ ሰዒዳ ትመረቃለች። ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው፣ የአዳዳ ጉልበት ደግሞ ያን ሁሉ የአውቶቡስ መንገድ አይችልም። ምርቃቱ በኢንተርኔት በቀጥታ እንደሚተላለፍ ሲነገራት ጓዟን ጠቅልላ ከሚሴ ገባች። በገባች ማግስት ራውተሩን አየችው።

«የሰዒዳን ፊት የሚያመጣልኝ ይሄ ነው?» አለች። «ቁርአኑ ልብስ አለው። ቲቪው ልብስ አለው። ይሄ ምስኪን ብቻ ራቁቱን ይቁም?»

ለሰዒዳ ሠርግ ካስቀመጠችው ከፋይ ላይ ቆርጣ በእጇ ሰፋችለት። ውስጡን በወፍራም ጨርቅ ገበረችው፣ ጠርዙን በወርቃማ ክር ዘመዘመችው። አንቴናዎቹ እንደ ጆሮ የሚወጡባቸው ሁለት ቀዳዳዎችም ተወችለት።

ዋይፋዩ መቆራረጥ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ፈይሩዝን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚያው ሰሞን ፓስዎርዱን ለቤቲ ሰጥታታለች።

ቤቲ፣ ሙሉ ስሟ ቤተልሄም፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት። ቤታቸውም አንድ ነው ማለት ይቻላል። አከራዩ አንዱን ረጅም ቤት በኮምፔንሳቶ ለሁለት ከፍሎ በዚህ በኩል እነ ፈይሩዝን፣ በዚያ በኩል እነ ቤቲን አስገብቷል። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው። ክልላዊው ፈተና እየቀረበ ነው፣ ቤቲ ደግሞ የሒሳብ ትምህርት የምታይበት ኢንተርኔት የላትም። ፈይሩዝ ፓስዎርዱን ጆሮዋ ላይ ሹክ አለቻት። «ኸይሩ እንዳያውቅ» አለቻት ጨምራ።

ኸይሩ የምትለው ታላቅ ወንድሟን ኸይረዲንን ነው። ዞን ቢሮ ይሠራል። ዋይፋዩን ያስገባው እሱ ስለሆነ ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው፤ ፓስዎርድ ከቤት አይወጣም።

መንዙማው በቆመበት ዕለት ከሥራ ተመልሶ ኳስ ሊያይ ተቀመጠ። አጥቂው ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ሲገናኝ ክቡ መጣ። ኸይረዲን ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ።

«ፈይሩዝ፣ ፓስዎርዱን ለሰው ሰጥተሻል እንዴ?»

«ኧረ! ለማን ብዬ?»

«ለዚያች ለጎረቤታችንስ? ለቤተልሄም?»

«ለቤቲ?» ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ጮኸ። «እሷ ደግሞ ምኔ ናት? ወላሂ አልሰጠሁም!»

ወላሂ ማለቷ ራሷን አስደነገጣት። ኸይረዲን ግን አመናት። ማመኑ ደግሞ ይበልጥ ከበዳት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ዋይፋዩ ሲያዩት ደህና ነው፤ ፊት ሲያዞሩበት ይጠፋል። ኸይረዲን ከቡፌው አንስቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው፣ ሠራ፤ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ግን ቆመ። ፍሪጁ ላይ ሰቀለው፣ ሠራ፤ ደግሞ ቆመ። ራውተሩ በሄደበት ሁሉ አዳዳ ልብሱን ይዛ ትከተለዋለች። ኸይረዲን የኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «አጥፍተው ያብሩት» አለችው። እሷ እያዳመጠችው አጥፍቶ ሲያበራው ሠራ። ስልኩን ሲዘጋ ቆመ።

«ይሄ ነገር ሙድ እየያዘብኝ ነው» አለ።

«ዓይን አፋር ነው» አለች አዳዳ እያራገበች። «ሰው ሲያየው ያፍርና ይሠራል።»

ሁሉም ሳቁ። ፈይሩዝ ግን ቆየት ብሎ ነገሩ ይከነክናት ጀመር። እውነትም ሲታይ ነው የሚሠራው። ዕቃ ሰው እንደሚያየው በምን ያውቃል? ኬብሉን ነቅላ ሰካች። አንቴናዎቹን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዞረቻቸው። እሷ አጠገቡ እስካለች ድረስ እንደ ጨዋ ልጅ አረንጓዴውን እያበራ ይቆያል። ምንም ሊገባት አልቻለም። ሌላ ምክንያት ስታጣ ሐሳቧ ተመልሶ ቤቲ ላይ አረፈ። ቤቲ ደግሞ ሰሞኑን አብራት ወደ ቤት መሄድ ትታለች። የሚያሸሽ ነገር ባይኖራት ለምን ትሸሻለች?

ዐርብ በዕረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ አገኘቻት።

«ቤቲ፣ ስሚ። ፊልም ነው እንዴ የምታወርጂው?»

«የምን ፊልም?»

«በእኛ ዋይፋይ ነዋ! ሒሳብ ብለሽኝ አልነበር? ነገ የሰዒዳ ምርቃት ነው። አዳዳ ልጇን ሳታይ ልትቀር ነው። በምትወጃት ማርያም፣ ለነገ እንኳ ተይው።»

ቤቲ የውኃ ጠርሙሷን ሞልታ ክዳኑን ቀስ ብላ አጠበቀች። «ከእናንተ ዋይፋይ ከወጣሁ ቆየሁ» አለች።

«ለምን ትወጫለሽ? ደስ ብሎሽ አልነበር?»

«ግድግዳው ስስ ነው።»

«ማለት?»

«ስስ ነው አልኩሽ።»

«ስስ ከሆነ እንዲያውም አሪፍ አድርጎ ይደርስሻል! አቦ፣ ውሸታም ነሽ።»

 ቤቲ አንዴ ብቻ አይታት፣ ጠርሙሷን ይዛ ሄደች። አስተያየቷ የተናደደ ሰው አስተያየት አልነበረም። ምን እንደነበር ፈይሩዝ አልገባትም። ቀኑን ሙሉም አልወጣላትም።

ማታ ወንድሟን «ፓስዎርዱን ቀይረው» አለችው። ቀየረው። አሁን ቤቲ ብትፈልግም መግባት አትችልም። አዳዳ መንዙማዋን ከፈተች። ሰውዬው አንዱን ጨርሶ ሁለተኛውን እንደጀመረ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ፈይሩዝ ክቡን አፍጥጣ ተመለከተችው። ቤቲ ካልሆነች ማነው?

ቅዳሜ አዳዳ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። የዒድ ቀሚሷን ለበሰች፣ አዲሱን ሻሿን አሰረች። ከዚያ ራውተሩ ጋ ሄዳ ከፋዩን በእጇ ጠረገችው፣ ዳር ዳሩንም አንድ በአንድ ወደ ታች ጎትታ አስተካከለችው። «ዛሬ እንዳታሳፍረኝ» አለችው። የእነ ፈይሩዝ እናትና አባት ሱቃቸውን ዘግተው እንደሚመጡ ቢናገሩም ገና አልደረሱም። የከሚሴ ሙቀት በቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀምሯል።

ምርቃቱ ተጀመረ። ሙዚቃ መጣ፣ ጥቁር ጋዋን የለበሱ ተማሪዎች ረድፍ በረድፍ ታዩ። አዳዳ ወደ ቲቪው ተንፏቀቀች። «የቷ ናት? የኔዋ የቷ ናት?» ካሜራው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተሻገረ ሳለ ምስሉ ቆመ። ክቡ መጣ።

በዚህ ጊዜ አዳዳ አልቀለደችም። «ሳላያት ልታልፈኝ ነው» አለች፤ ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆነ።

ኸይረዲን ከተቀመጠበት ተነስቶ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። «በቃ! ሰው ፓስዎርዱን ሰብሮ እየገባ ነው። ከጎረቤት ሌላ ማን ይሆናል? ሄጄ እናትየዋን አነጋግራታለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ድምፅ መጣ።

«ኤክስ ሲደመር ሰባት… ሰባት ወዲያ ሲሻገር ይቀነሳል…»

ቤቲ ናት። ጮክ ብላ እንኳ አይደለም የምታነበው፤ ለራሷ ነው። ግን ቃሉ ሁሉ እዚህ ፍራሹ ላይ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። እነ ፈይሩዝ ቤት ቲቪው ሁልጊዜ ስለሚጮህ እስከዛሬ ልብ ብላው አታውቅም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ከተሰማ፣ ከዚህ ወዲያስ? ያን ዕለት ለኸይሩ የጮኸችው ትዝ አላት።

*እሷ ደግሞ ምኔ ናት?*

ግድግዳው ስስ ነው። ቤቲ ነግራት ነበር። ሁለቴ ነግራት ነበር።

«ኸይሩ፣ ቆይ!» አለች።  እጇን የምታሳርፍበት ስታጣ ወደ ራውተሩ ሄደችና ከፋዩን ሳትገልጥ መዳፏን ላዩ ላይ አደረገች።

ይሞቃል። እጇን ከሥር አስገባች። ትኩሳት እንዳለበት ሕፃን ግንባር ይፋጃል።

ከፋዩን ገፈፈችው። እጇ ውስጥ ሆኖ አየችው፤ ወፍራሙን ገበር፣ ወርቃማውን ዝምዝማት። ራውተሩ ሲያዩት የሚሠራው አፍሮ አይደለም። ሊያዩት ሲሉ ስለሚገልጡት ነው። በሄደበት ሁሉ ልብሱ ሲከተለው ነበር። እነሱ ደግሞ ከልብሱ በቀር ሁሉን ነገር ጠርጥረዋል። እሷማ ሰውም ጠርጥራለች።

«አዳዳ፣ ማራገቢያሽን አቀብዪኝ!»

«ለማን?»

«ለሱ! ሙቀት ነው ያመመው።»

አጥፍታው አራገበችለት። ኸይረዲን አንድ ጫማ አጥልቆ፣ አንዱን በእጁ ይዞ ቆሞ ያያታል። መልሳ ስታበራው መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ቲቪው ላይ ሙዚቃው ተመለሰ። ካሜራው ሌላ ረድፍ ላይ ነበር፤ ከዳር ሁለተኛዋ መነጽሯን እያስተካከለች ትስቃለች።

«ያቻት!» አለች አዳዳ። «ሰዒዳዬ! አልሐምዱሊላህ! ያቻት!»

ፈይሩዝ ከፋዩን አጥፋ ሰጠቻት። «ይቅርታ አዳዳ። እንደኛ ነው፣ ማራገቢያ ነው የሚፈልገው።»

አዳዳ ከፋዩን አየችው፣ ራውተሩን አየችው። «ከሚሴ እየኖረ ሙቀት አይችልም?» አለች። «ታዲያ ምናለ ቢናገር!» ይህን ብላ በከፋዩ ዓይኗን ጠራረገች። ከዚያ በኋላም ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልለቀቀችውም።

ኸይረዲን ጫማውን አወለቀ። «ስለዚህ ጎረቤት አልነበረም ማለት ነው» ብሎ ተቀመጠ። «ሄጄ ልዋረድ ነበር።»

አለቀ። ማንም ምንም አይጠይቃትም። ፓስዎርዱ ተቀይሯል፣ ወላሂ ያለችው ተረስቷል። ቲቪው ላይ አንድ ሽማግሌ ባለሥልጣን ወረቀታቸውን ዘርግተው ንግግር ጀመሩ፤ ረጅም እንደሚሆን ከአነሳሳቸው ያስታውቃል። ዝም ብላ አዳዳ አጠገብ መቀመጥ ትችላለች።

ፈይሩዝ አልተቀመጠችም።

«ኸይሩ» አለች። «ፓስዎርዱን ለቤቲ ሰጥቻት ነበር። ጓደኛዬ ስለሆነች።»

ኸይረዲን ሪሞቱን አንስቶ የቲቪውን ድምፅ ቀነሰ። «ምን አልሽ?»

ከኮምፔንሳቶው ማዶ የሒሳቡ ድምፅ ቆሟል።

ፈይሩዝ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከዚያም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።