በረንዳው ላይ ያደረው ታኬታ

ፈቲያ የልጇን ታኬታ አጥባ በረንዳው ላይ ከመለሰችው በኋላ ነው የስፖንጁ ነገር የከነከናት። በማለዳ ስትወጣ ሁለቱ የስፖንጅ ቁራጮች ከጫማው ወጥተው ወለሉ ላይ ወድቀው ነበር። የድመት ሥራ ነው ብላ፣ ብዙም ሳታስብበት፣ አንስታ ወደ ጫማው አፍንጫ መልሳ ጠቀጠቀቻቸው። ቀጥሎ ያየችው ነገር ግን ማሰቢያ ጊዜ አልሰጣትም። የታኬታው ጥርሶች በደም ተለውሰዋል። የደሙ ዱካ ደግሞ ከእሷ ደፍ ተነስቶ፣ የጋራውን በረንዳ ይዞ፣ እስከ አሰልጣኝ ገብረሕይወት በር ይሄዳል።

በሩን ገፋ አድርጋ አየች። ሽማግሌው በአልጋውና በጠረጴዛው መካከል በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከጆሮው በላይ ወደ ውስጥ ገብቷል። ተጫዋቾቹን የሚያሠራበት የክብደት ብረት ፀጉር እንደተጣበቀበት አጠገቡ ተጥሏል። በአንድ ምት የሞተ ሰው አይመስልም፤ ግድግዳው ሳይቀር በደም ተረጭቷል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ፈቲያ አልጮኸችም። ትናንት ከሰዓት ልጇ ኢርፋን፣ አንቱታውን ሁሉ ትቶ፣ አሰልጣኙን ደረቱን ገፍትሮ «እሁድ ካላሰለፍከኝ እገድልሃለሁ» ሲለው ጎረቤቱ በሙሉ ሰምቷል። ገብረሕይወት የኢርፋን ክለብ ምክትል አሰልጣኝ ነው፤ ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኳስ ያስተማረውም እሱ ነው። ኢርፋን ዘንድሮ ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ፣ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ ግብ ማግባት ከጀመረ ወዲህ ስሙ በየሬዲዮው ይጠራል። ቁጣውም አብሮ ይወራል፤ አንዱን ተከላካይ በቴስታ መትቶ በቀይ ካርድ ወጥቷል። ፈቲያ በእያንዳንዱ ጨዋታ ወይ እግሩን ሰብረውት ወይ ሰው ገድሎ ይመጣል እያለች ነው የምትጠብቀው። አሁን የፈራችው የደረሰ መሰላት። ታኬታውን ይዛ ወደ ቧንቧው ሮጠች።

የሟች የእህት ልጅ ሜላት ቁርስ ይዛለት መጥታ ጩኸቷን ስታቀልጠው፣ ጫማው ቦታው ተመልሶ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

ኢንስፔክተር ለተክርስቶስ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ በእግሯ ነው የመጣችው። ፀጉሯ የሸበተ፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ሬሳውን አየች፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ ዱካውን ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው።

መጀመሪያ የጠራችው የመኪና ወንበር ሰፊውን ክብረትን ነበር። የሚኖረው ከሟች ጎን ነው።

«ከሟች ጋር ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ። የስፌት መኪናህ ጩኸት እንቅልፍ ነሳኝ ይሉኛል። ልግደላቸው ብል ኖሮ በዚያው ጩኸት ነበር የምገድላቸው።»

«ሌላስ የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

«ዳኛ ሁሉ።»

ኢንስፔክተሯ ፈገግ አላለችም። ኢርፋንን አስጠራችው። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ፣ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቶ መጣ።

«ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። እማ አምስት ኪሎ ለቅሶ ሄዳ በጨለማ ነው የገባችው። እግሬ ላይ በረዶ አድርጌ ተኛሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሌላ ምንም አልሰማሁም።»

«ለምንድን ነው አትሰለፍም ያሉህ?»

«‹እሁድ እግርህን ይሰብሩታል› ብቻ ነው ያሉኝ። ማን ብላቸው አልነግርህም አሉ። ተናደድኩ።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እንደዚያ ብዬ ነው የተለያየነው።»

ለተክርስቶስ ታኬታውን አነሳች። «ይሄን ማን አጠበው?»

«እኔ ነኝ» አለች ፈቲያ። «ትናንት ከሰዓት።»

«ትናንት የታጠበ ጫማ ዛሬ ውሃ አያንጠባጥብም።»

አብሯት የነበረው ሳጅን ካቴናውን አውጥቶ ወደ ኢርፋን ተራመደ። ልጁ ግን የሚያየው ካቴናውን ሳይሆን እናቱን ነበር።

በዚህ መሀል ሉልሰገድ እያነከሰ ገባ። የክለቡ ነባር አጥቂ ነው፤ የኢርፋን ስም እስኪወጣ ድረስ ቦታው የእሱ ነበር። በዚህ ሳምንት ልምምድ ላይ የአውራ ጣቱ ጥፍር ስለተነቀለ በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው፤ ጣቱ የታሰረበት ፋሻ በቁስል መድኃኒቱ በጂቪ ወይን ጠጅ ሆኗል። ፈቲያን አቅፎ ጀርባዋን ደባበሳት።

«አይዞሽ ማዘር። ልጅ ነው፣ ተናዶ ነው። ጠበቃ እንይዛለን።»

ለተክርስቶስ ሳጅኑን በእጇ አስቆመችውና ፈቲያን ወደ ቤቷ አስገብታ በሩን ገጠም አደረገች።

«ስሚኝ እህቴ። የመሰለሽን ተይው። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

ፈቲያ ሁሉንም ተናገረች፤ ደሙን፣ ቧንቧውን፣ በመጨረሻም የስፖንጁን ነገር።

«ስፖንጁ መሬት ላይ ነበር?»

«አዎ። እኔ ነኝ የመለስኩት። ጫማው ስለሚሰፋው ነው የሚጠቀጠቀው። ሉልሰገድ ነው የዓመቱ ውድድር ሲጀመር የሰጠው። ልጄ አፍሮ ልኬ ነው ብሎ ተቀበለ። ክብረት ከወንበር ስፖንጅ ቆርጦ ሰጠን።»

«ውስጡንም አጥበሽዋል?»

«ትናንት ከሰዓት ውስጡንም ውጪውንም በሳሙና ፈትጌዋለሁ። ዛሬ ጥርሶቹን ብቻ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ስፖንጁን አውጥታ፣ የስልኳን መብራት አብርታ ጫማው ውስጥ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያም ስልክ ለመደወል ወደ ጓሮ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ለምርመራ ከሄደ በኋላ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ታኬታው መሀላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ሉልሰገድ፣ ይሄን ጫማ የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ወንድሜ ማለት ነው።»

«ልኩ ነው?»

«ልክክ ነው ያለለት። ፊቴ ሞክሮ ነው የወሰደው።»

ክብረት ሳቁ አመለጠው። «ልክክ? እግሩ እኮ ውስጡ ይዋኛል። ስፖንጁን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ።»

ሉልሰገድ ቀስ ብሎ ወደ ኢርፋን ዞረ። ኢርፋን አቀረቀረ።

«ሰው ስጦታ ሲሰጥህ ሰፋኝ ይባላል እንዴ?» አለ ልጁ።

«ጨዋነትህ አዳነህ» አለች ለተክርስቶስ። «ገዳዩ ሽማግሌውን ከደበደበ በኋላ ይህን ጫማ በረንዳው ላይ አገኘ። አድርጎት ደሙን ረገጠ፤ ዱካውን እስከ ኢርፋን በር አመጣ። ግን እግሩን ሲያስገባ ስፖንጁ ከለከለውና አውጥቶ ጣለው። ጫማው ሲደርቅ ቅርጹን እንዳያጣ የተከተተ ነገር መሰለው። ኢርፋን ቢሆን ያለ ስፖንጁ በረንዳውን አያቋርጥም። ዱካው ግን አንድ ቦታ እንኳ አልተንሸራተተም፤ ከአፍንጫ እስከ ተረከዝ እኩል ነው የረገጠው።»

«ታዲያ ክብረትስ?» አለች ሜላት። «በየቀኑ ይጨቃጨቁ ነበር።»

«ክብረት ስፖንጁን በእጁ የቆረጠ ሰው ነው። ኢርፋንን ማስያዝ ቢፈልግ መልሶ ይከተው ነበር። የአንቺ እግር ደግሞ ከኢርፋንም ያንሳል። የምንፈልገው ሰው እግሩ ጫማውን የሚሞላ፣ ጫማው ለኢርፋን ልክ ነው ብሎ የሚያምን ነው። እንዲያ ያለ ሰው የጫማው የድሮ ባለቤት ብቻ ነው።»

«ይሄ ወሬ ነው» አለ ሉልሰገድ።

«እሺ፣ ይሄንን እይልኝ።» ጫማውን አዘንብላ መብራቱን ወደ ውስጥ አበራች። «የኢርፋን ጣት በማይደርስበት አፍንጫው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም አለ። ጂቪ ነው። ጫማውን ስትሰጠው ጥፍርህ ጤነኛ ነበር፤ የተነቀለው በዚህ ሳምንት ነው። እናቱ ደግሞ ትናንት ከሰዓት ውስጡን በሳሙና አጥባዋለች። ቀለሙ የገባው ትናንት ማታ ነው። ላቦራቶሪውም ያየዋል።»

ጫማውን በርጩማው ላይ መለሰችው።

«ባለፈው ጨዋታ የኢርፋንን ቁርጭምጭሚት የረገጠውን ተከላካይ ደውዬ አነጋገርኩት። የድሮ ጓደኛህ ነው። ‹እግሩን ስበርልኝ› ያልከው አንተ ነህ። ገብረሕይወትም ከእኔ በፊት ደውለው ይህንኑ ሰምተዋል። ዛሬ ጠዋት ለክለቡ እንደሚናገሩም ነግረውታል። እሁድ አትሰለፍም ያሉት ሌላ እንዳትልክበት ፈርተው ነው። ማታ አስጠንቅቀውህ ይሆናል። በዝናቡ መጥተህ፣ የሚያጋልጥህን ገድለህ፣ ቦታህን የወሰደውን ልታሳስር ፈለግህ።»

ሉልሰገድ ድንገት ተወርውሮ ሳጅኑን በቴስታ አፍንጫው ላይ መታውና ወደ አጥሩ በር ሮጠ። ኢርፋን ያበጠ እግሩን ረስቶ ዘሎ ያዘው። ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ በጡጫ አፉን አደማው፤ ሁለቱንም እጆቹን አንገቱ ላይ አደረገ። የሉልሰገድ ዓይኖች ፈጠጡ። ፈቲያ ከጠዋት ጀምሮ በሐሳቧ ያየችው ገዳይ ይኸው ፊቷ ቆሟል።

«ልቀቀው» አለች ለተክርስቶስ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅዋ። «የምወስደው እኔ ነኝ።»

የልጁ ጣቶች አንድ በአንድ ተላቀቁ።

ሉልሰገድ ካቴና ሲገባለት ደም ተፋ። «ጫማዬን ሰጠሁህ፤ ቦታዬን ወሰድክ» አለ።

ኢንስፔክተሯ ልትወጣ ስትል ፈቲያን ዞር ብላ አየቻት። «ጫማውን በማጠብሽ ጣቢያ መጥተሽ ቃል ትሰጫለሽ። ልጅሽን ልታድኚ ብለሽ ልታስፈርጂበት ነበር።»

«እመጣለሁ» አለች ፈቲያ።

ሲመሽ ኢርፋን ልብሱን በሻንጣ ከቶ በሩ ላይ ቆመ። ክለቡ ካምፕ ገብቶ እንዲያድር ጠርቶታል።

«እማ፣ ያጠብሽው እኔ የገደልኩ መስሎሽ ነው?»

ማለት የምትችለው ብዙ ነበር፤ ፖሊስ ፈርቼ ነው፣ ደንግጬ ነው፣ ሳላውቀው ነው። ልጇ ግን ዓይኗን እያየ ነው የጠየቃት።

«አዎ» አለች።

እሱም ሻንጣውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ባዶ ወደ ሆነው የአሰልጣኙ ቤት ተመለከተ። እናቱ አትሂድ አላለችውም፤ እንዲያ ለማለት አፍ ያላት አልመሰላትም።

«ከዚያ ቤት አጠገብ ብቻሽን አታድሪም» አለ በመጨረሻ። «ጠዋት እሄዳለሁ።»

አልፏት ገብቶ ሻንጣውን አልጋው ስር ገፋው፤ ጀርባውን ሰጥቷትም ተኛ። ፈቲያ በሩን ገጠመች፤ ቁልፉንም አዞረች።