የሶፋ ቤቱ ቁርጥራጭ

አክስቷ ከሞተች በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቆማ መብላት ለመደች። ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን መቀመጡ ስለከበዳት፣ ሳህኗን ይዛ መስኮቱ ሥር ትቆምና ዓይኗን መንገዱ ላይ ጥላ ትጎርሳለች። ሬዲዮም ትከፍታለች፤ የሚለውን ግን አታዳምጥም። ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብላ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ሙያውንም ያስተማረቻት እሷው። አሁን በአንድ የልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ የሱሪ እግር ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የጠበበ ታሰፋለች። ደንበኞቿ ስለ ወገባቸው ካልሆነ በቀር ስለሌላ ነገር አውርተዋት አያውቁም።

አክስቷ ትታላት የሄደችው አንድ ክፍል ቤት፣ የስፌት መኪናና አልጋ ሥር የታጨቁ ሦስት ጆንያዎች ነበሩ። ሐዘኑ በረድ ሲልላት ጆንያዎቹን ፈታቻቸው። ሁለቱ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልተዋል። ሦስተኛው ውስጥ ያለው በሙሉ ተጀምሮ የቀረ ሥራ ነው፦ ባለ አንድ እጅጌ ሹራብ፣ ግማሹ የተጠለፈ የጠረጴዛ ልብስ፣ ገበር ያልገባለት ኮት፣ ኮሌታ የሌለው የወንድ ሸሚዝ። አክስቷ «ይሄን ልጨርስና» ሳትል የዋለችበት ቀን አልነበረም። ይሄን ልጨርስና ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ይሄን ልጨርስና አርፋለሁ። ሳትጨርስ ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ ከቁርጥራጩ ብርድ ልብስ ልትሠራ ተነሣች። ከካርቶን በመዳፍ ልክ መለኪያ ቆረጠች፤ በእሱ እየለካች ጨርቁን ትቆርጣለች፣ በካውያ ትተኩሳለች፣ አራቱን ገጥማ ትሰፋለች፣ ያንን ደግሞ ከሌላ አራት ጋር ትገጥማለች። አንዱ ቁራጭ ከማን ቀሚስ እንደተረፈ ታስታውሳለች፣ ሌላው ጨርሶ አይታወሳትም። የጎረቤት አሮጊት በሩ ላይ ቆመው አይተው ሳቁ።

«ልጄ፣ ሰው ከድሪቶ ለመውጣት ይለፋል፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?»

«ድሪቶ አይደለም እማማ። ሲያልቅ ያዩታል።»

«ሲያልቅ!» አሉ አሮጊቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ቁርጥ አክስትሽን።»

የጆንያው ጨርቅ አበባና ነጣ ያለ ቀለም የበዛበት ስለነበር ጠቆር ያለ አጠራት። ከመሥሪያ ቤቷ ሁለት በር ዝቅ ብሎ አንድ ሶፋ ቤት አለ፤ ትርፍራፊውን ደጅ ባለ በርሜል ውስጥ ይጥላሉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ስትመርጥ ጥላ አረፈባት። ቀና አለች። ረጅም፣ ቀጭን ሰው፣ መዶሻ በእጁ፣ በከንፈሮቹ መሃል ሚስማር ደርድሮ ቆሟል።

«ይቅርታ፣ የሚጣል መስሎኝ ነው» አለች እጇን እየሰበሰበች።

ሰውየው አልመለሰላትም። በጣቱ «ቆዪ» ብሎ ምልክት ሰጣትና ወደ ውስጥ ገባ። ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ጨርቅ፣ ክንድ የሚያክል፣ ምንም ያልተነካ፣ አምጥቶ እጇ ላይ አደረገላት። ከውስጥ አንዱ ጮኸ፦

«ስፖንጅ! ሴት ልጅ ስታናግርህ ሚስማሩን ትፋው እንጂ!»

ስፖንጅ የሚሉት የሰማውን ሁሉ መጥጦ ይዞ አንዲት ቃል ስለማይመልስ ነው። ይሄን ያወቀችው በኋላ ነው።

በሳምንቱ ሐሙስ መስታወቷ ፊት ቆሞ አገኘችው። አንድ ከረጢት አስቀመጠላት። ስትከፍተው ቁርጥራጩ በየቀለሙ ተለይቶ፣ ጠርዝ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ በክር ታስሯል።

«ማን ነው እንዲህ የለየው?»

አፉን ከፈተ። ሚስማር የለበትም። ቢሆንም ቃሉ አልወጣ አለ። ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረ፣ ፊቱ ደም መሰለ። «እ... እ... እኔ።»

ያኔ ገባት። የምታደርገው ጠፍቷት ጨርቆቹን ትቆጥር ጀመር። ቀና ስትል ሄዷል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ግን መጣ። ከዚያም በሚቀጥለው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በርጩማው ላይ ይቀመጥና እጇን ያያል። እሷ ታወራለች። ሆዱ መጨመሩን ላለማመን «ሱሪው ነው የጠበበው፣ እኔ እንዳለሁ ነኝ» እያለ በየወሩ ስለሚመጣው ደንበኛ ስትነግረው፣ ድምፅ ሳያወጣ ትከሻው ብቻ እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። እንደዚያ የሚስቅ ሰው አይታ አታውቅም።

«ለ... ለማን ነው የምትሠሪው?» አላት አንድ ቀን።

«ለራሴ» አለች። ከዚያ ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች። «ይበርደኛል።»

የስፌት መኪናዋን ጎማ በእጇ ይዛ አቆመችው።

«እ... እኔንም» አለ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጡ እስከ ድልድዩ አብረው ይሄዱ ጀመር። እጇን የያዛት በአራተኛው ወር ነው፤ እሱም መንገድ ሊያሻግራት ብሎ። ከተሻገሩ በኋላ አልለቀቃትም፣ እሷም አላስታወሰችውም።

አምስት ወር እንዲህ ሆነ። በስድስተኛው፣ ሐሙስ ባልሆነ ቀን፣ ከረጢት ሳይይዝ መጣ። በሌላ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩት እናቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ይሄን ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ቀጥሎ ያለው ግን አንድም ጊዜ ሳያደናቅፈው ወጣ፤ መንገዱን ሙሉ ሲለማመደው እንደመጣ ያስታውቃል።

«አብረሽኝ ነይ።»

ልቧ ዘለለ። በዚያው ቅጽበት ቤቷ ታያት፤ የአክስቷ አልጋ፣ የስፌት መኪናው፣ መስኮቱ። ከዚያ ቤት ሌላ ኖራበት የምታውቀው የለም። ዘግታው ብትሄድ አክስቷን ሁለተኛ የምትቀብራት መሰላት።

«ብርድ ልብሱን ልጨርስና» አለች።

«መ... መቼ ያልቃል?»

«ትንሽ ነው የቀረው።»

ትንሽ አልነበረም። ሁለቱም ያውቃሉ።

ሄደ። በዚያ ሰሞን አንድ ጊዜ ስልክ ደወለችለት። አነሣው፤ መተንፈሱን ትሰማለች፣ አንድ ቃል ለማውጣት ሲታገል ትሰማለች፣ ቃሉ ግን አልመጣም። ፊቱን ሳታየው ዝምታው ዝምታ ብቻ ሆነባት። ስለ አየሩ፣ ስለ ደንበኞቿ ብቻዋን ለፈለፈች፤ ወሬ ሲያልቅባት «በል ደህና ሁን» ብላ ዘጋች። ሁለቱም ዳግመኛ አልሞከሩትም።

በወሩ በፖስታ ጥቅል መጣላት። ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ በየቀለሙ የታሰረ። ደብዳቤ የለውም፤ የላኪ አድራሻ ብቻ በእጅ ጽሑፉ። በሚቀጥለው ወርም መጣ፤ በሚቀጥለውም። እሷ መልስ አልጻፈችም። መልሴ ያለቀው ብርድ ልብስ ነው፣ ጠቅልዬ እልክለታለሁ፣ ወይ ይዤው እሄዳለሁ አለች። ግን የሶፋው ከፋይ ወፍራም ነው፤ ስሱን ጨርቅ ይጎትተዋል፣ ማዕዘኑ አይገጥምም። ትፈታዋለች፣ እንደገና ትሰፋዋለች። አዲስ ጥቅል ሲመጣ ደግሞ ይሄን ሳላስገባማ ብላ ጠርዙን ትተረትራለች። ብርድ ልብሱ እየሰፋ ሄደ እንጂ አላለቀም። አልጋዋን አልፎ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ እሷ መሃሉ ተቀምጣ፣ መርፌ በእጇ፣ ሬዲዮኑ ለራሱ እያወራ።

በስምንተኛው ወር ጥቅል አልመጣም። በዘጠነኛውም። ፖስታ ቤት ሄዳ ጠየቀች። ምንም የለም አሏት። ከዚያ ወዲህ በድልድዩ በኩል መሄድ ተወች፤ ዞራ በሌላ መንገድ ትገባለች።

አንድ እሑድ ጨርቅ አለቀባት። ሦስተኛውን ጆንያ ጎትታ ኮሌታ የሌለውን ሸሚዝ አወጣች። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ሰማያዊ መስመር ያለው። መቀሷን ልታስገባ ስትል አሮጊቷ ከበሩ ላይ ተጣሩ።

«እሱን አትቁረጪው!»

ደንግጣ ቀና አለች። አሮጊቷ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ሸሚዙን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«የዚህ ሸሚዝ ባለቤት መስኮትሽን የሠራው አናጢ ነው። አክስትሽን ሁለት ዓመት ሙሉ እንጋባ አላት። ‹ልጅቱን ላሳድግና› አለችው። ሸሚዙን ለእሱ ነበር የጀመረችው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌላ አገባ። ምን ያድርግ? ደህና ሰው ነበር። በሠርጉ ቀን አክስትሽ በር ዘግታ ስትሰፋ ዋለች። መኪናው ሲንቀጫቀጭ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር።»

«ልጅቱ እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ።

«አንቺ ነሽ። ግን እንዳይከፋሽ፤ በአንቺ ተጸጽታ አታውቅም።» አሮጊቷ ሸሚዙን አጠፉት። «በሸሚዙ ግን አልቅሳለች።»

አሮጊቷ ከሄዱም በኋላ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ዙሪያዋን አየች። ይሄ ሁሉ ጨርቅ። የታገለችው ከማዕዘኑ ጋር እንዳልሆነ ታወቃት። ፈርታ ነበር። በቃ፣ ፈርታ ነበር።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤቷን ተሰናበተች። በሦስተኛው ቀን የቤቱን ቁልፍና ብርድ ልብሱን ተሸክማ አሮጊቷ ቤት ገባች።

«አንድ ጎኑ አላለቀም እማማ። እርስዎ ይልበሱት።»

«እኔም ገና አላለቅሁም፤ እንስማማለን» አሉ አሮጊቷ፣ ወዲያው እግራቸው ላይ ጣል አደረጉት።

አውቶቡሱ ቀኑን ሙሉ ሄደ። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አግብቶ ቢሆንስ? እናቱ አርፈው ቤት ቀይሮ ቢሆንስ? በሩን ከፍቶ «ምን ፈለግሽ?» ቢላትስ? ሁለት ጊዜ ለመውረድ ተነሥታ ሁለቱንም ጊዜ ተቀመጠች።

ከጥቅሉ ላይ የቀደደችውን አድራሻ እያሳየች፣ ጠይቃ ጠይቃ፣ አመሻሹ ላይ ደረሰች። በሩን የከፈቱት ምርኩዝ የያዙ ሴት ናቸው።

«ማንን ነው ልጄ?»

«ልጅዎን ነበር።»

«ሥራ ላይ ነው። አንቺ ማነሽ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

እናትየዋ ከእግር እስከ ራስ አዩዋት።

«ቁርጥራጭ የላከላት ልብስ ሰፊ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«አንድ ቀን እንኳ ‹ደርሶኛል› ማለት ያቅታል?»

«ሲያልቅ ልልክለት...» ብላ ጀመረችና ራሷ አፈረችበት።

«ሰባት ጊዜ ፖስታ ቤት ተመላልሷል። ከሰባተኛው ሲመለስ ‹አስቸገርኳት› አለኝ። ያችን አንዲት ቃል ለመጨረስ የፈጀበትን ብታዪ፣ እንደዚህ አትቀሪም ነበር።» ምርኩዛቸውን አንሥተው መንገድ ለቀቁላት። «ግቢ እንግዲህ። ደጅ ቆሞ ማልቀስ ምን ይባላል?»

እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው ያኔ ነው።

እሱ ሲመጣ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ፀጉሩ ላይ የስፖንጅ ፍርፋሪ ተሰክቷል። በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ከስቷል። እናትየዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩና «እሳት ላይ የጣድኩት ነገር አለ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ምንም አልጣዱም ነበር።

እሱ ሻንጣዋን አየ፤ ትንሽ ነው፣ የሦስት ቀን ልብስ የሚይዝ ይመስላል።

«ስ... ስንት ቀን ትቆያለሽ?»

«መመለሻ ትኬት አልቆረጥኩም» አለችው።

አያት። ከዚያ ዞሮ፣ ሊሮጥ እስኪቀረው ፈጥኖ፣ ወደ ጓዳ ገባ። ድምፁ ይሰማታል። «እ... እማዬ... መ... መመለሻ አል... አልቆ...»

«ሰምቻለሁ ልጄ፣ ግድግዳው ስስ ነው» አሉት እናቱ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ሂድና የምትለውን ለእሷ በላት።»

ተመልሶ መጣ። ፊቷ ቆመ፣ አየር ሳበ፣ ጀመረ። የመጀመሪያው ፊደል እንኳ አልወጣ ብሎት አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። ውጭ ጨለመ። እሷ ዓይኗን ዓይኑ ላይ እንዳደረገች፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ጠበቀችው።