መቸኮላችሁን አታሳዩ

ሟቹ የተገኘው በደሴቲቱ እንግዳ ማረፊያ ካሉት ክፍሎች ሁሉ በርካሹ ውስጥ ነው። የክፍሉ መስኮት የሚያሳየው ባሕሩን ሳይሆን የማድ ቤቱን ግድግዳ ነው። ሰውየው ከወገቡ በላይ ራቁቱን፣ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ መነጽሩን እንዳደረገ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። «ቆጣቢው» ነው የሚሉት። በጥቂት ገንዘብ ደሴት ለደሴት እንዴት መዝናናት እንደሚቻል እየጻፈ ስም ያወጣ ሰው ነበር። ባሕሩን ከደጅ በነፃ ማየት እየተቻለ በመስኮት ለማየት እጥፍ የሚከፍል ሞኝ ነው ብሎ የመከረውም እሱ ነው። ባሕሩ ግን የማንም ሐዘን ግድ ሳይሰጠው፣ እዚያው ከግድግዳው ጀርባ እንደ ወትሮው ያምር ነበር።

በጀልባ የመጣው ሐኪም «ልቡ ነው» ብሎ ሄዷል። ከማዶ የመጣችው መርማሪ የተላከችው ለወጉ ያህል ፈርማ እንድትመለስ ነበር። እሷ ደግሞ ለወጉ ያህል የሚባል ነገር አይሆንላትም። ላቧን እየጠረገች አከራይዋን አስጠራቻቸው።

«እኔ ነኝ ያገኘሁት፣ ልጄ» አሉ አከራይዋ። «ከሰዓት በኋላ አንሶላ ልቀይር ብቅ ስል ተደፍቷል። እዚሁ ክፍል ገመድ ላይ የተሰጣው ሸሚዝ እየተንጠባጠበ እግሬን አረጠበኝ። ቤቱ ደግሞ ምድጃ ሆኗል!»

«ማራገቢያው አይሠራም እንዴ?»

«ይሠራል እንጂ፤ ጠፍቶ ነው። አይ ሰው፣ ሞቶም መብራቴን ቆጠበልኝ አልኩ በሆዴ።» ወዲያው በተናገሩት አፍረው አፋቸውን ያዙ።

«ይወዱት ነበር?»

«ምኑን እወደዋለሁ! ‹ከቁርስ የተረፈውን ዳቦ ለምሳ ጠቅልላችሁ ያዙ› ብሎ ከጻፈ ወዲህ እንግዳው ሁሉ ቅርጫቴን ሙልጭ ያደርገዋል። ግን ለዳቦ ብሎ ሰው የሚገድል የለም።»

መርማሪዋ ክፍሉን ዞራ አየችው። የማራገቢያው ማጥፊያ ከጠረጴዛው ርቆ በሩ አጠገብ ነው። አልጋው ላይ ማበጠሪያ፣ አሮጌ የጀልባ ትኬትና ከረሜላ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ውሃ አልነካቸውም። ከዚያ ጣቷን በሸሚዙ የደረት ኪስ ሰደደች። እጇ ላይ የወጣው የራሰ ወረቀትና ነጭ ሊጥ መሳይ ነገር ነበር።

«ክኒኑ ነው» አለ በሩ ላይ የቆመው፣ ለመጽሐፎቹ ፎቶ የሚያነሳው የሟቹ ታናሽ ወንድም። «ልቡን ሲያመው ምላሱ ሥር የሚያደርገው። ሙሉውን ብልቃጥ አይገዛም፤ በፍሬ ገዝቶ በወረቀት ይጠቀልልና ከደረት ኪሱ አይለየውም።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ኮረብታው ላይ፣ ፎቶ ሳነሳ። በጀርባ በኩል ከወጡ መግቢያ አይጠየቅም።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ሰው እንዳያይ እኮ ነው በጀርባ የሚወጣው።»

መርማሪዋ ሳቋ አመለጣት። «ከክፍል ስትወጣ ማራገቢያ ታጠፋለህ?»

«ሳላስበው። በእኛ ቤት መጨረሻ የወጣ ያጠፋል፤ እጃችን ራሱ ለምዶታል።»

የፈጣኑ ጀልባ ነጂ ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቆ ነበር፤ አልካደም። «‹ጀልባ ስትከራዩ መቸኮላችሁን አታሳዩ› ብሎ ሰውን አሰለጠነብኝ። መንገደኛው ሁሉ ፊቱን ያዞርብኛል። ብናደድ ይፈረድብኛል?»

የሟቹ ሚስት ጓሮ ብቻዋን ተቀምጣለች። መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሸሚዙን ማን አጠበው?»

«እኔ፤ ጠዋት። ከዚያ ወደ ባሕሩ ወረድኩ።»

«ልጅ አላችሁ?»

«ነበረን።» ሴትየዋ ቀና አላለችም። «ባለፈው ስንመጣ እዚሁ ደሴት ላይ ትኩሳት ያዘው። እሱ የፈጣኑን ጀልባ ዋጋ ሲከራከር ነጂው ሌላ መንገደኛ ጭኖ ሄደ። የማለዳውን የጭነት ጀልባ ጠበቅን። ልጄ ሐኪም ሳያየው ቀረ።» የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «‹መቸኮላችሁን አታሳዩ› የምትለዋን መስመር ከአዲሱ እትም እንዲያወጣልኝ ብቻ ነበር የለመንኩት። አንቺ መንግሥት ነሽ፤ ሳይታተም አስቁሚልኝ። የሌላ ሰው ልጅ አለ።»

መርማሪዋ ያን እጅ ቶሎ ልትለቀው አልቻለችም። ያወቀችውን ነገር ባታውቀው ትመርጥ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል፤ እውነቱን ነው» ብላ ጀመረች። «ግን ሰውየው ሙቀቱን ፎጣ እያረጠበ ሲታገል ነበር፤ በደህናው ማራገቢያ አያጠፋም። ከሞተ በኋላም ተነስቶ በሩ ድረስ አይሄድም። እንግዲያው እሱ ሲሞት ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበር። ያ ሰው ሳይጮህ፣ እርዳታ ሳይጠራ ማራገቢያውን አጥፍቶ ወጣ።»

አከራይዋ አማተቡ።

«እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ጠፍቶ ነበር ብለው ባልነገሩኝ። ጀልባ ነጂው ደግሞ ለሰው ቤት መብራት የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። እጃቸው የለመደ ሁለት ሰዎች ይቀራሉ።» ወንድምየው ወንበሩን ጨብጦ ያዘ። «ቀጥሎ ሸሚዙ። ያጠበው ሰው የደረት ኪሱን ፈትሿል፤ ትኬቱንና ከረሜላውን ሳይቀር አውጥቶ ደርድሯል። ክኒኑን ብቻ ከነወረቀቱ ትቶ ነከረው። ይሄ መርሳት አይደለም። ሸሚዙን ጠዋት ነው ያጠብኩት ተብያለሁ። በዚህ ሙቀት ጠዋት የተሰጣ ልብስ ከምሳ በፊት ይደርቃል፤ አከራይዋ ሲገቡ ግን ገና ይንጠባጠብ ነበር።»

ሁሉም ወደ ሚስቱ ዞሩ።

«ትኩሳት የያዘውን ልጄን ጀልባ ያሳጣችውን መስመር እንዲያወጣልኝ ምሳ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ለመንኩት» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «አንባቢ የሚወዳት መስመር ናት አለኝ። ሸሚዙን አንስቼ ነከርኩት። ሲያመው ክኒኑን ጠየቀኝ። ሰምቼዋለሁ። ማጠቤን አላቆምኩም። ማራገቢያውን ማጥፋቴን ግን ገና አሁን ከአንቺ ሰማሁ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ዋርሳዬ፣ በልጄ ይዤሃለሁ፤ መስመሯን አውጣልኝ።»

እሱ መሬት መሬት አየ። «መጽሐፉ እኮ ትናንት ማተሚያ ቤት ገብቷል። አሁን ደግሞ... ወሬው ሲሰማ ሰው ይሻማበታል።»

ይሄኔ ጀልባ ነጂው ከመቀመጫው ተነሳ።

«ቆይ፣ ያኔ ልጁ ታሞ ነበር እንዴ?»

«እቅፌ ውስጥ ነበር» አለች።

«አየሁት፤ የተኛ ነበር የመሰለኝ! ሰውየው ያፏጫል፣ ይስቃል፤ ለሽርሽር ነው ብዬ ትቻችሁ ሄድኩ። ታሟል ብትሉኝ ኖሮ ምን ዋጋ እጠይቃለሁ? በነፃ ነበር የማደርሳችሁ። እኔም እኮ ወላጅ ነኝ!»

ሴትየዋ ባሏን ስለመግደሏ ስትናገር ያልተንቀጠቀጠው ድምጿ አሁን ተንቀጠቀጠ።

«‹ፊቱን ሸፍኚው፤ መታመሙን ካየ ዋጋ ይጨምራል› አለኝ» አለች። «ሸፈንኩት።»

መርማሪዋ ክንዷን ይዛ ልታስነሳት ሞከረች። እሷ ግን ጀልባ ነጂውን እያየች ቀረች።

«አንተ እዚያው ፊቴ ቆመህ ነበር» አለችው። «እኔም እኮ አፍ ነበረኝ።»