ሦስት ላይ የወጣ ናሙና

ሰይፉን ያገኙት እስከ ደረቱ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ነው። ሞቷል፤ ግን ቆሟል።

ከቶሮንቶ ወደብ ሥር እየተዛቀ የሚወጣው ደለል ዘይትና እርሳስ የጠገበ ስለሆነ እንደ ተራ አፈር የትም አይደፋም። ሐይቁ ዳር ሦስት ገንዳዎች ተሠርተውለታል፤ እዚያ ይሞላና ላዩን ንጹሕ ሸክላ አፈር ያለብሱታል። ሰይፉ የተገኘው ሦስተኛው ውስጥ ነበር። ላዩ ደርቆ የተሰነጠቀ ማሳ ይመስላል፤ ውስጡ ገንፎ ነው። ስድስት ዓመት የሠራበት ሰው ይህን ያጣዋል ማለት ዘበት ነው። ፖሊስም «አውቆ ነው የገባው» አለ።

ተናኘ ቃሉን በጆሮዋ ሰምታዋለች። አዲስ አበባ ሳለች አሥራ ስምንት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ እዚህ አገር የፖሊስ አስተርጓሚ ናት። ፋይሉን የዘጋው አንድ መልእክት ነበር። በዚያ ጠዋት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፎርማኑ ሰላሙ የዕለቱን የጭቃ ናሙና ለሚቀዳው ለሰይፉ «ናሙናውን ሦስት ላይ አውጣ» ብሎ ጽፎለታል። ተናኘ «የእኛ ሦስት የእናንተ ዘጠኝ ነው» ብላ ለመርማሪው አስረዳች፤ መርማሪው አድንቆ ጻፈ፤ እሷም ደስ አላት። የሰይፉ ስልክ ጭቃ ገብቶት የጠፋው ግን ሰባት ተኩል ላይ ነው። የሥራው ሰዓት ሳይደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ፣ ማንም ሳያዘው፣ ብቻውን ገባ ማለት ነው። ራሱን አጠፋ።

በሁለተኛው ሳምንት ሚስቱ እሌኒ ደወለች።

«እትዬ ተናኘ፣ ልጄ ‹አባዬ ጠልቶን ነው?› አለችኝ። ምን ልበላት? ቸርች ስገባ ሰዉ ዓይኑን ይሰብራል። እርስዎ እዚያ ክፍል ነበሩ። እውነት ራሱን ነው ያጠፋው?»

ተናኘ «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች። «ጠይቄ ልንገርሽ» አለቻት በምትኩ።

በማግሥቱ ወደቡ ዳር ወርዳ የጀልባውን ነጂ ዙበይርን አገኘችው። ሬሳውንም መጀመሪያ ያየ እሱ ነው።

«የዚያን ቀን ጀልባዋ ጋራዥ ነበረች እትዬ። ያለ ጀልባ ደግሞ ሦስት ላይ አይወጣም፤ ጣውላ ካልተነጠፈ በቀር።»

«ጣውላ ነበር?»

«የለም። ግን ሁለቱ ጣውላዎቼ መጋዘን ውስጥ ታጥበው ነው ያገኘኋቸው። እዚህ ሳይት ላይ ጣውላ የሚያጥብ ወንድ ካለ አሳዩኝ፣ እህቴን እድርለታለሁ!»

ተናኘ አልሳቀችም።

«‹ሦስት ላይ› ነው ያልከው?»

«ገንዳ ሦስት ላይ ነዋ። አንድ ላይ፣ ሁለት ላይ፣ ሦስት ላይ፤ እኛ እንደዚያ ነው የምንለው። ምነው፣ አመመዎት?»

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ነፋሱ ከሐይቁ እየመጣ ነበር፤ እሷን ግን ላብ አጠመቃት።

ከዚያ ኖርዝ ዮርክ፣ ናሙናው ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ ሄደች። ናሙናውን የምትመረምረው ሩሀማ ነጭ ካፖርቷን እንደ ለበሰች ኮሪደር ላይ ተቀበለቻት።

«የዕለቱ የናሙና ብልቃጥ ሁሌ ጠዋት፣ በፈረንጅ ከስምንት ተኩል በፊት ነው የሚደርሰኝ። የዚያን ቀንም በሰዓቱ ደርሷል። ሌብሉ ‹ገንዳ አንድ› ይላል። ግን…»

«ግን ምን?»

«የአንድ ጭቃ ግራጫ ነው እትዬ። ይሄኛው ጥቁር ነበር፣ ላዩ ላይ ዘይት ያብለጨልጫል። ጥቁር ያለው ሦስት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «ያመጡት ጋሽ ሰላሙ ናቸው። የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን ‹ተሳስተዋል› ልበል?»

ሰላሙን ፓርክዴል ቤቱ ድረስ ሄዳ አገኘችው። ሐዘን ያጎበጠው መስሎ ተቀበላት።

«ምስኪን ሰይፉ! እኔ ሰባት ላይ ገና ቤቴ ነበርኩ እህት ተናኘ። ዘጠኝ ላይ ሚቲንግ ነበረኝ፤ ስምንት ላይ ነው ሳይት የገባሁት። ‹ሦስት ላይ› ብዬው ነበር፤ እርስዎ ራስዎ በደንብ አስረድተውልኝ የለ?»

«አስረድቻለሁ» አለች ተናኘ። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ እንደምታጠብቅ ሆነች፤ ፊቷን እንዳያይባት ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከፔፕ ጣቢያ በሰማንያ አንድ ቁጥር አውቶቡስ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ እሌኒ ቤት ገባች። እሌኒ፣ ዙበይር፣ ሩሀማና ሰላሙ እንደ ቀጠረቻቸው ሳሎን ተቀምጠው ጠበቋት። ሰላሙ ለጸሎት የተጠራ መስሎት መጽሐፍ ቅዱሱን ጭኑ ላይ አድርጓል።

«መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር» አለች ተናኘ ሳትቀመጥ። «ሰይፉን ራሱን ያጠፋ ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ‹ሦስት ላይ› የሚለውን ሰዓት ነው ብዬ ተረጎምኩ። ሰዓት አልነበረም።»

«እንዴት?» አለች እሌኒ።

«ጋሽ ሰላሙ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ፈረንጅ ነው። ‹ሰባት ላይ ቤቴ፣ ዘጠኝ ላይ ሚቲንግ› ነው ያሉኝ። በእኛ የሚቆጥር ሰው ሚቲንጉን ‹ሦስት ላይ› ይለው ነበር። ስለዚህ ከሳቸው አፍ ሦስት ሰዓት ከወጣ ከሰዓት በኋላ ነው። የዕለቱ ብልቃጥ ደግሞ ላብራቶሪ የሚደርሰው ከስምንት ተኩል በፊት ነው። ዘጠኝም አይሆን፣ ከሰዓት በኋላም አይሆን። ቃሉ ቦታ ነው። ገንዳ ሦስት።»

ዙበይር ጉልበቱን መታ። «ወላሂ!»

«ጀልባ የለም። ሰይፉ ጣውላ አነጠፈ፣ አንዱን ብልቃጥ ሞልቶ ዳር ላይ አኖረ፣ ለሁለተኛው ተመለሰ። ጣውላው ከዳው፤ ጭቃው ደረቱን ጨምቆ አፈነው። ከዚያ አንድ ሰው መጣ። ጣውላውን ስቦ አጠበ። ብልቃጡን ግን መጣል አልቻለም፤ የዕለቱ ናሙና ከቀረ ጥያቄ ይነሣል፤ ‹ሦስት› ተብሎ ከሄደም ሰው ወደዚያ ልኳል ማለት ነው። ስለዚህ ‹አንድ› ብሎ ጻፈበት። ስምንት ላይ ሳይት የገባ ሰው ከስምንት ተኩል በፊት ኖርዝ ዮርክ አይደርስም፤ ብልቃጡን ለሩሀማ ያስረከባት ማን ነው?»

ሩሀማ እንባዋ እየወረደ ቀና አለች። «ጋሽ ሰላሙ፣ ይንገሯት።»

ሰላሙ መጽሐፉን ከጭኑ አንሥቶ ጎኑ አስቀመጠ።

«የገንዳ ሦስት ሸክላ ጠንክሯል ብዬ ሪፖርት ጽፌ ነበር። ሳይጠነክር። ማስረጃ ሲሉኝ… ናሙና እንዲያወጣ ላክሁት፤ ቀላል ነው መስሎኝ። ስደርስ ሞቶ ነበር። በስመ እግዚአብሔር፣ ሞቶ ነበር!»

«እጁን ነክተውት ነበር?»

ሰላሙ የገዛ መዳፉን ገልብጦ አየ።

«ይሞቅ ነበር?»

ሰላሙ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዙበይር ብድግ ብሎ በሩ ላይ ቆመ፤ ለመምታት ሳይሆን ወዴት እንደሚያይ ስለ ጠፋው ነው።

«በመልእክቱ ተገላገልኩ አልኩ» አለ ሰላሙ በጣቶቹ መሐል። «እሷ ‹ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው› ስትል፣ እግዜር የላከልኝ መሰለኝ።»

ተናኘ ያንን በደረቷ ተቀበለችው። ወደ እሌኒ ዞራ ተንበረከከች።

«ይቅር በይኝ እሌኒዬ። አዋቂ ለመባል ቸኩዬ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቅ አለፍኩ።»

እሌኒ አላነሣቻትም። በደረቀ ድምፅ፣

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ስረግመው ነው የከረምኩት» አለች። «ቀብሩ ላይ እንኳ አላለቀስኩለትም። ዛሬ ይቅርታ ከእኔ አይወጣም እትዬ። ይነሡ። በአማርኛ የነገሩኝን፣ ለእነሱም በእንግሊዝኛ ይንገሯቸው።»

ተናኘ ተነሥታ ኮሪደር ወጣች። መርማሪው ሲያነሣ ድምፁ ደስተኛ ነበር፤ አዲስ የትርጉም ሥራ የምትጠይቀው መስሎታል። የሌላ ሰው ቃል ስትተረጉም አንድም ቀን አፏ ተሳስሮ አያውቅም። አሁን «ተሳስቻለሁ» የምትለውን አንዲት ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ ጀመረች። በሦስተኛው ተናገረችው፤ በቃሏ ሥር እንዲጻፍም ስሟን ከነአባቷ ስም ፊደል በፊደል እየቆጠረች አስመዘገበች።