ጉድጓዱን አልደፍንም

ማክሰኞ ገበያ ላይ ሳቢና የምትቀመጥበትን ቦታ የሚሻማት የለም። ቶኮሽ ሻጭ ናት። ድንች በደረቅ ሣር ተሸፍኖ፣ ወንዝ ዳር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ውሃ እየፈሰሰበት ወራት ሲከርም ቶኮሽ ይሆናል፤ ሽታውም ከባለቤቱ ቀድሞ ገበያ ይገባል። የተራራው ሰው ግን ያለ እሱ መኖር አይሆንለትም። አራስ የምትጠጣው አጥሚት የሚሠራው ከእሱ ነው። ጨጓራው የተቃጠለም፣ ሳል የጠናበትም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። አፍንጫውን ይዞ ይገዛል፣ አፍንጫውን ይዞ ይጠጣል፣ ሲሻለው ደግሞ ሻጯን ያማል።

ሳቢና ሐሜቱ አይከነክናትም ማለት ውሸት ነው። ይከነክናታል። ግን አንገቷን ደፍታ አታውቅም።

ኢላሪዮ የዶኛ ኤርሚኒያ ልጅ ነው፤ እኝህ ዶኛ፣ እመቤት እንደ ማለት ነው፣ አደባባዩ ላይ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። አንድ ማክሰኞ ለእናቱ ድንች ሊገዛ ወጥቶ አጠገቧ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ምን ሞቷል?» አለ።

«ያንተ አፍንጫ» አለችው ቀና ሳትል። «ነፍስ ይማር።»

ሳቀ። በራሱ የሚስቅ ወንድ ብዙ አላየችምና ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቻቸው ተገጣጠሙ፤ ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሆዱን ይዞ መጣ። ሳቢና ከገደሉ አፋፍ የለቀመችውን ሙኛ፣ ያንን ሽታው እንደ ናና የሚያውድ ቅጠል፣ አንድ እፍኝ ሰጠችው። በፈላ ውሃ ዘፍዝፎ እንዲጠጣውም ነገረችው። በሌላው ማክሰኞም ሆዱን አመመው። ከዚያም በሌላው።

«ያንተ ሆድ የሚታመመው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው?»

«ሌላ ቀን ሐኪሟን አላገኛትም።»

ብዙም ሳይቆይ ሙኛ ለቀማ አብሯት ይወጣ ጀመር። ገደሉን ይፈራል፤ መፍራቱን ግን አይደብቅም፤ ይህም ደስ አላት። አንድ ቀን ጅረት ሊያሻግራት እጇን ያዘና ከተሻገሩም በኋላ ሳይለቀው ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«ብታጠቢውም አይለቅም?»

«አይለቅም።»

«እሺ፣ አይልቀቅ» አለ። ሳቢና ያን ቀን ቤቷ የገባችው ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ነው። ወደደችው፤ ለራሷም አልዋሸችም።

በእኛ ተራራ ልጅ ልትታጭ ስትል የወንዱ እናት ድንች ይዛ ትመጣለች። ድንቹ «ምራት አስለቃሽ» ይባላል፤ ሁለመናው እብጠትና ስርጉድ ነው። ልጅቷ አማቷ ፊት ተቀምጣ፣ እብጠቱን ሳትሰብር፣ ሥጋውንም ከልጣጩ ጋር ሳትጥል መላጥ አለባት። ዶኛ ኤርሚኒያ ከጆንያው ውስጥ ክፉውን መርጠው፣ ኢላሪዮን አስከትለው ሳቢና ከአባቷ ጋር ወደምትኖርበት ቤት መጡ።

ሳቢና ላጠችው። ዶኛ ኤርሚኒያ ልጣጩን አንስተው ወደ ብርሃኑ ዘረጉት፤ ድንቹን አገላብጠው አዩት። የሚነቀፍ አላገኙም።

«እጅሽ ባለሙያ ነው» አሉ። «ልጄን ታገቢያለሽ፣ ቤቴም ትገቢያለሽ። ያንን ጉድጓድ ግን ትደፍኝዋለሽ። እኔ መንገደኛ የማበላ ሴት ነኝ። እንግዶቼ ሾርባቸውን ትተው ምራቴን እንዲያሸቱ አልፈልግም።»

«ጉድጓዱ የእናቴ ነው።»

«እናትሽማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሉም።»

«አራሶቹ አሉ። ጉድጓዱን አልደፍንም፣ ዶኛ ኤርሚኒያ።»

«እንግዲያው ልጄን እርሺው።»

«እሱ ይናገራ» አለች ሳቢና።

ኢላሪዮ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ያየዋል። እሷ ጠበቀች፣ አባቷም ጠበቁ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚል ሰው ያን ቀን እዚያ ቤት አልነበረም። ሳቢና በመጨረሻ ልጣጩን ሰብስባ ለአሳማዎቹ ልትሰጥ ወጣች፤ ስትመለስ እንግዶቹ ሄደዋል።

ኢላሪዮ ክፉ ሰው አይደለም። በሁለት ሴቶች መካከል የቆመ ፈሪ ነው እንጂ። ሽታው ትንሽ ቢቀንስ እናቴ ትለዝባለች ብሎ አሰበ። ምግብ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ስለሆነ ሽታው ከውሃው ጋር የሚመጣ መሰለው። ሳቢናና አባቷ ላይኛው ማሳ ድንች ሲያወጡ በሰነበቱበት ሳምንት ሄዶ፣ ወደ ጉድጓዱ የሚገባውን ቦይ በድንጋይና በጭቃ ዘጋው።

ሳቢና ከማሳ ስትመለስ፣ ጉድጓዱ ገና ሳይታያት አወቀች። የቶኮሽ ሽታ ሌላ፣ የብስባሽ ሽታ ሌላ ነው። ሣሩን ስትገልጠው ድንቹ ጠቁሮ፣ ቀልጦ፣ ትል አፍርቷል። የጎረቤቷ የዴልፊና የመውለጃ ቀን ደርሷል፤ ይህ ጉድጓድ የእሷ የአራስ ቤት ተስፋ ነበር። ሳቢና ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ኢላሪዮ እርቅ ሊለምን ወደ ቤቷ ሲወጣ እንዲህ ሆና አገኛት። ቦዩን አየ፣ ጉድጓዱን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሽታው እንዲቀንስ ብዬ ነው። ድንቹን ከብስባሽ የሚጠብቀው ውሃው መሆኑን አላወቅኩም።»

«ለእናትህ አንዲት ቃል መናገር ፈርተህ ከውሃ ጋር ተጣላህ።»

«ሳቢና...»

«አፍንጫህን ላስ» ብላው ተነሳች።

ለዴልፊና ቶኮሽ ለመለመን ማዶ ወዳለው መንደር ሄደች። ያገኘችውን ይዛ ስትመለስ ጉድጓዱ ተጠርጓል። ድንጋዮቹ ታጥበዋል፣ አዲስ ሣር ተነጥፏል፣ ውሃውም በቦዩ ይፈስሳል። አባቷ ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

«በእጁ ነው የዛቀው» አሏት። «እንዲህ የሸተተ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ታጠብ ብለው እንቢ አለ፤ እናቴ ዘንድ ጉዳይ አለኝ ብሎ ወረደ።»

ሳቢና ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ተከተለችው። ከተማ ስትደርስ ማንንም አልጠየቀችም፤ መንገዱን ሽታው ነገራት።

የምሳ ሰዓት ነው። ኢላሪዮ እስከ ክርኑ ጥቁር ጭቃ ሆኖ መሃል ካለው ጠረጴዛ ቀርቦ ተቀምጧል። እንግዶቹ ሳህናቸውን እየያዙ ወደ በረንዳው ይወጣሉ። ዶኛ ኤርሚኒያ ጭልፋ እንደያዙ ከፊቱ ቆመዋል።

«ተነስና ታጠብ። ቤቴን ባዶ አስቀረኸው።»

«ድንቹን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ እማዬ፤ ሽታውም የኔ ነው። ጉድጓዱ አይደፈንም። እሷን እዚህ ካላስገባሻት እኔ እዚያ እገባለሁ።»

«የሚስት ቤት? ወንድ ሆነህ? አገር ይስቅብሃል።»

«ይሳቅ። ያን ቀን ዝም ያልኩት በእሷ አፍሬ አልነበረም፤ አንቺን ፈርቼ ነው። አሁን የማፍረው በዝምታዬ ነው።»

በር ላይ የቆመችው ሳቢና ሮጣ ልታቅፈው ፈለገች፤ አላደረገችውም። ገብታ ወንበር ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዶኛ ኤርሚኒያ» አለች፣ «ምሳ እንበላለን።»

በረንዳው ላይ ማንኪያ የሚያነሳ ጠፋ። ዶኛ ኤርሚኒያ ልጃቸውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ወደ ድስቱ ሄዱና አንድ ሳህን ሾርባ ቀድተው ሳቢና ፊት አኖሩ።

«ለእሱ ሲታጠብ ነው» አሉ።

ሳቢና ሳህኑን መሃላቸው አድርጋ ማንኪያውን ለኢላሪዮ ሰጠችው።

«ታረቅሽኝ?» አላት በሹክሹክታ።

«መጀመሪያ ብላ።» ከዚያ በረንዳው ድረስ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ዛሬ ጉድጓዱን በእናንተ ምግብ ቤት ድንች እንሞላዋለን። ቶኮሹ የደረሰ ዕለት እንጋባለን። መኖሪያችንም እኛ ቤት ነው።»

ኢላሪዮ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ብቻ ሠርጉ ላይ ያ ነገር እንዳይቀርብ» አሉ ዶኛ ኤርሚኒያ።

«መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ነው» አለች ሳቢና። «እርስዎም ከፊት ነው የሚቀመጡት።»

ዶኛ ኤርሚኒያ ጭልፋውን አስቀምጠው መስኮቶቹን ሊከፍቱ ሄዱ።