የኤምብሪክ ደብተርና የአርዲስ ፓትራ

ደብተሩ የለም።

የመስታወት ሳጥኑ ክዳን እንደተዘጋ ነው። ውስጡ የተነጠፈው ነጭ ጨርቅም አልተነካም። ጥቁሩ የቆዳ ደብተር ተኝቶበት የነበረው ቦታ ግን ባዶ ነው።

እትዬ ቶርቦርግ ፎሱም አልጮኹም። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አርባ አንዱን ዓመት የኖርድሄምን ልጆች ሲያስተምሩ ስለኖሩ መጮህ የማያስፈልገው ድምፅ አላቸው።

"ቨርሊን፣ ና እስቲ" አሉ።

ምክትል ሸሪፍ ቨርሊን ስቶኬ በሹካው ያነሳውን ዓሣ ሳይጎርስ መለሰውና መጣ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ። እትዬ ቶርቦርግ ሲጠሩት ግን ዛሬም የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ይመስላል።

"የአያቴን ደብተር ሰረቁት።"

"አንዱ ሊያየው አንስቶት ይሆናል፣ እትዬ።"

"ሊያይ ያነሳ ሰው ሳጥኑን መልሶ አይዘጋም።"

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1979 ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን የመጸው ግብዣ የሚደረግበት እሑድ። ምድር ቤቱ በሁለት መቶ ሰው፣ በዓሣና በቀለጠ ቅቤ ሽታ ታፍኗል። እትዬ ቶርቦርግ ከጠዋት ጀምሮ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው እንግዳ ሲያስተናግዱ ቆይተው፣ ለአምስት ደቂቃ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዱ። አምስት ደቂቃ ብቻ።

የደብተሩ ባለቤት አያታቸው ኤምብሪክ ቶርስታይንሰን ነው። በ1869 ከኖርዌይ፣ ከሃሊንግዳል ተነስቶ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። ቀን ከእርሻው ድንጋይ ሲለቅም ውሎ፣ ሲመሽ መንፈሳዊ ግጥም ይጽፍ ነበር። አርባ ሰባት ግጥም ጻፈ፤ በኖርዌይኛ፣ በዚያ ዛሬ ማንም በማይጽፈው ሹል የጥንት የእጅ ጽሕፈት። እትዬ ቶርቦርግ ደብተሩን ያገኙት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በሞተች የአጎታቸው ልጅ ጎተራ ውስጥ፣ ከድንች ከረጢት ሥር ነው። ከዚያ ወዲህ ኖርዌይ ድረስ ደብዳቤ እየጻፉ የአያታቸውን የጥምቀት መዝገብ አስገለበጡ፣ የመጣበትን መርከብ አገኙ፣ ጽሕፈቱን ማንበብም ብቻቸውን ተማሩ። ሠላሳ አንዱን ግጥም ገልብጠዋል። አሥራ ስድስት ቀርቷቸዋል።

ችግሩ ዓይናቸው ነው። ሐኪሙ፣ "እስከ ገና ቢያቆይዎት ነው" ብሏቸዋል። ቀለሙ ደግሞ ከመገርጣቱ የተነሳ ፎቶ ሲያነሱት የሚወጣው ነጭ ወረቀት ነው። መስኮት አጠገብ ቆሞ ወረቀቱን ዘንበል ላላደረገ አይታይም። በአገሩ ሌላ የሚያነበው ሰው መኖሩንም አናውቅም። ስለዚህ ደብተሩ ከገና በኋላ ቢገኝ ለእትዬ ቶርቦርግ እንዳልተገኘ ነው።

ቨርሊን ደረጃው ላይ ቆመና ሰውን አየ። ማን ምን ይዞ ወጣ ብሎ መጠየቅ ሞኝነት ነው። ሁሉም ይዞ ነው የሚወጣው። ስድሳ ሴት በስድሳ የመጋገሪያ ፓትራ ምግብ ይዛ መጥታለች፤ ስድሳው ፓትራ ታጥቦ፣ ተከድኖ፣ በየባለቤቱ ብብት ሥር ወጥቷል። የጎረቤትን ፓትራ ከፍቶ ማየት ደግሞ በእኛ ዘንድ የጎረቤትን ቦርሳ ከመበርበር አይተናነስም።

ወደ ሳጥኑ ተመለሰና ጎንበስ አለ። በዚያ ቀን ምድር ቤቱ ውስጥ የቅቤ ጣት ያላረፈበት ነገር አልነበረም። ብርጭቆው፣ የበሩ እጀታ፣ የዘማሪዎቹ መጽሐፍ ሳይቀር ወዝቷል። የሳጥኑ ክዳን ግን ወለል ብሎ ያበራል።

"ጠርገውት ነበር እንዴ፣ እትዬ?"

"ጠዋት ጠርጌዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ተደግፎበታል።"

ቨርሊን ይህችን በልቡ ያዘ።

ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የሄደው ዱዌን ቪክስትሮም ዘንድ ነው። ዱዌን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ደብተሩን ሽጡልኝ ብሎ እትዬ ቶርቦርግን ሦስት ጊዜ ለምኗል። ከቨርሊን ጋር አብረው ነው የተማሩት።

"ስዊድናዊ ስለሆንኩ ነው መጀመሪያ እኔ ጋ የመጣኸው" አለ ዱዌን።

"አይደለም። ሌባ ስለምትመስል ነው።"

"እናንተ ኖርዌዮች አስቂኝ ናችሁ። ያን ዓሣ ከነሽታው ትበላላችሁ፣ ከዚያ ሌባ ፍለጋ ትወጣላችሁ።"

"እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"አማቴ ቤት። ስለ ጉልበቷ ስትነግረኝ። ሄደህ ጠይቃት፣ ላንተም ትነግርሃለች።"

ቨርሊን ሄደ። አማቲቱ ስለ ጉልበቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ነገረችው። ዱዌን እውነቱን ነው።

ቀጥሎ ከርቲስ መጣ፣ የእትዬ ቶርቦርግ የወንድም ልጅ። ደብተሩ ለኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ እያለ ከአክስቱ ጋር ሁለት ዓመት ተጨቃጭቋል። ባለፈው ሳምንትም ሰው እየሰማ፣ "አንድ ቀን ራሴ ወስጄ እሰጠዋለሁ" ብሎ ነበር።

"ብያለሁ" አለ ከርቲስ። "ተናድጄ ነው። አክስቴ ደግሞ ጆሮ የላትም።"

"እሑድስ?"

"ዓሣ ስቀቅል ነው የዋልኩት፣ ከደጅ። አሽተኝ ካላመንክ።"

ማሽተት አላስፈለገም። እስከ ክርኑ በቅቤና በዓሣ ውሃ የራሰ ሰው መስታወቱን ቢነካ ኖሮ ቅባቱ ለሳምንት አይለቅም ነበር። አብረውት የነበሩት አራት ሰዎችም ከድስቱ እንዳልተለየ መሰከሩ።

ማክሰኞ ባዶ ቀን ሆነ። ደብተሩ የውሃ ሽታ ሆኗል። ማታ እትዬ ቶርቦርግ ስልክ ደወሉ።

"አዲስ ነገር አለ?"

"እየሞከርኩ ነው፣ እትዬ።"

እሳቸውም፣ "ዛሬ የወተት ሣጥኑን ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ" አሉና ዘጉት። ቨርሊን እራቱን አልበላም።

ረቡዕ ጠዋት አርዲስ ሙን የሸሪፉን ቢሮ በር በክርኗ ገፍታ ገባች። ክዳን ያለው ፓትራ ታቅፋለች፤ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገችው።

"ሰው እየቀለደብኝ ነው፣ ክሰስልኝ።"

"ማንን?"

"እኔ ምን አውቄ። እሑድ ፓትራዬ ጠፋ። ከማድረቂያው መደርደሪያ ላይ፣ ታጥቦ ከተቀመጠበት። ስሜ ከሥሩ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ዕውር እንኳ አይሳሳተውም። ዛሬ ስነሳ በረንዳዬ ላይ ተቀምጧል። ይኸው ይህን ይዞ።"

ክዳኑን አነሳችው። ውስጡ የቴምር ብስኩት አለ፣ በማስመሪያ የተቆረጠ ይመስል ልክክ ያለ። ቨርሊን አንዱን አንስቶ ነከሰ። ጥርሱ ቆመ።

"ድንጋይ ነው እኮ።"

"ነው እንጂ። የሰልማ ኔስ ብስኩት ነው፣ ያለ እንቁላል።"

"ያለ እንቁላል እንዴት ተጋገረ?"

አርዲስ እንደ ሕፃን አየችው። "የቤተ ክርስቲያኑን የምግብ መጽሐፍ ስናሳትም ሰልማ አሠራሩን ሰጠች፤ ግን ማንም እንደሷ እንዳይጋግር ሁለቱን እንቁላል ሆን ብላ አስቀረቻቸው። ነፍሷን ይማረውና ክፉ ነበረች። እዚህ አገር ይህን የማታውቅ ሴት የለችም። መጽሐፉ ላይ ግን ማንም አላረመውም፤ ሁላችንም በቃላችን ነው የምንይዘው።"

ቨርሊን ብስኩቱን አስቀመጠ።

ሌባው ደብተሩን በሰው ፊት ማውጣት ነበረበት። ክዳን ያለው ፓትራ አነሳ፣ ከተተው፣ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ፓትራውን ገለበጠና የአርዲስን ስም አየ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የእኛ ሰው መጽሐፍ ሊሰርቅ ይችል ይሆናል፤ የሰው ፓትራ ግን አያስቀርም። ባዶውንም አይመልስም።

"አርዲስ፣ እሑድ ዕቃ ያጠቡት እነማን ናቸው?"

"ወንዶቹ ናቸዋ። በመጸው ግብዣ ሁሌ ወንዶቹ ናቸው።"

በእጁ ማድረቂያ ጨርቅ የያዘ ሰው ነው። መስታወቱን የጠረገው፣ መደርደሪያው አጠገብ የቆመው። የምትጋግርለት ሴት ቤቱ የሌለችው፣ መጽሐፉ ላይ ያለውን ሳያጎድል ሳይጨምር የሚሠራ። ዱዌን የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም፣ መጽሐፉም የለውም። ከርቲስ ምድጃ እንኳ የለውም፣ ካፌ ነው የሚበላው። ዕቃ ካደረቁት ውስጥ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ነበር። ቨርሊን ስሙን በልቡ ሲጠራው አመመው።

ኦርሊን ክቫሜ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ ጠብቀዋል። የጉባኤያችንን ታሪክ የጻፉት እሳቸው ናቸው። አያታቸው ሃልቮር የመጀመሪያው መዝሙር መሪያችን ነበር፤ በየመከሩ ቆመን የምንዘምረውን መዝሙር የደረሰው እሱ ነው ተብሎ በመጽሐፋቸው ላይ ታትሟል፣ መቃብሩ ላይም ተቀርጿል።

ቨርሊን እኩለ ቀን ላይ በራቸውን አንኳኳ። ብስኩቱን በሳህን ይዟል። ወጥ ቤት ተቀመጡ።

"ጋሽ ኦርሊን፣ ይህ ስንት እንቁላል ይገባበታል?"

"እንቁላል የለውም" አሉ ጋሽ ኦርሊን ቶሎ ብለው። "መጽሐፉ ላይ የለም።"

ሰውዬው ሳህኑን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"የሰው ፓትራ ይዤ እንዴት ልተኛ?" አሉ በመጨረሻ።

"የሰው ደብተርስ?"

ተነስተው የሚስታቸውን የጠረጴዛ ልብስ ከቁም ሳጥን አወጡ። ደብተሩ በሱ ተጠቅልሏል። "ሁለት ጊዜ ምድጃውን አቀጣጥዬ ነበር" አሉ። "እጄ እምቢ አለኝ።"

"ለምን ወሰዱት?"

"እሑድ ቶርቦርግ ከሰው ጋር ስታወራ ሳጥኑን ከፍቼ በመስኮቱ ብርሃን ገለጥኩት። ሠላሳ ዓመት የጥምቀት መዝገብ ስገለብጥ ይህን ጽሕፈት ለምጄዋለሁ፤ ለማንም አልነገርኩም፣ የጠየቀኝም የለም። ሠላሳ ሁለተኛው ግጥም ላይ ደረስኩ።" ገጹን ገልጠው ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። "ያ መዝሙር ነው።"

*ዘሩም ያንተ ነው ጌታዬ፣ ድንጋዩም ያንተ፤*
*የለቀምኩትን ሁሉ ቁጠርልኝ እንደ ጸሎት።*

"አያትዎ የደረሱትን ኤምብሪክ ገልብጦት ሊሆን አይችልም?"

"እየው። መጀመሪያ 'እንደ ላብ' ብሎ ሰርዟል። ከዚያ 'እንደ ዕንባ' ብሎ ሰርዟል። የሚገለብጥ ሰው እንዲህ አያደርግም። የሚፈጥር ሰው ነው።" ደብተሩን ከደኑት። "ቶርቦርግ በሳምንት ውስጥ እዚህ ትደርስ ነበር። አያቴ ሌባ ይባላል። እኔ ደግሞ ውሸቱን ያሳተምኩ።"

ቨርሊን ሁለቱንም፣ ሰውዬውንና ደብተሩን፣ መኪና ውስጥ አስገባና እትዬ ቶርቦርግ ቤት ወሰደ።

እትዬ ቶርቦርግ ነገሩን ቆመው ሰሙ። አልተቆጡም፣ አልተቀመጡምም። ደብተሩን ተቀብለው መስኮቱ ዘንድ ሄዱና በማጉያ መነጽር አዩት። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ገጹን ገለጡ።

"ኦርሊን፣ ጀርባውን አንብበኸዋል?"

"የፊቱ በቅቶኛል።"

"ስታነብ ሁልጊዜ ትቸኩላለህ። አንብበው። ለኔ ጭጋግ ነው።"

ጋሽ ኦርሊን ተጠጉ። ከኖርዌይኛው እየመለሱ አነበቡ። "ይህን ለሃልቮር ክቫሜ ሰጠሁ። እኔ ድምፅ የለኝም፣ እሱ አለው። በትንሿ ልጄ ቀብር ላይ ዘመረልኝ። ስሜን እንዳያነሳ አስምዬዋለሁ፤ ምስጋናው የእግዚአብሔር ነውና።"

ጋሽ ኦርሊን ወንበር ፈልገው ተቀመጡና እንደ ልጅ አለቀሱ።

"አያትህ አልሰረቀም" አሉ እትዬ ቶርቦርግ። "ሰው የእሱ ነው ሲለው አፉን ዘጋ። ምሎ ነበር። የሰረቅከው አንተ ነህ፣ ጅል።"

ቨርሊን ወደ እሳቸው ዞረ። "እትዬ፣ ይከሳሉ?"

"ለክስ የሚሆን ጊዜ የለኝም። አሥራ ስድስት ግጥም ቀርቶኛል፣ ዓይኔ ሊዘጋ ነው፣ ይህ ሰው ደግሞ ማንበብ ይችላል።" ወደ ጋሽ ኦርሊን ዞሩ። "ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ትገኛለህ። ከነገ ወዲያም። አንተ ታነባለህ፣ እኔ አርምሃለሁ፣ ከርቲስ ይጽፋል። እሱም ሥራ ይያዝ፣ ኮሌጅ ኮሌጅ ከሚለኝ።"

ስምንት ሳምንት ሠሩ። ጎረቤት እንደሚለው ጭቅጭቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ቃል ላይ ሦስት ቀን ተጣልተው፣ ሁለቱም ተሳስተው ተገኙ። እትዬ ቶርቦርግ በኅዳር መጨረሻ ፊደል መለየት አቆሙ። ሥራው ግን አልቆመም። ከገና በፊት ባለው ሐሙስ አርባ ሰባተኛው አለቀ። እትዬ ቶርቦርግ ወረቀቱን ሁሉ በእጃቸው ዳሰሱት፣ አንድ በአንድ። ሲጨርሱ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው ወሬ ሰምቷል፤ ዱዌን ሳይቀር መጥቶ ከኋላ ቆሟል። መከሩ ቢያልፍም ያንኑ መዝሙር ልንዘምር ስንል ጋሽ ኦርሊን ተነሱ። ወረቀት ይዘው ነበር፤ አላዩትም።

"ሃልቮር ቃሉን ጠብቆ ሞተ" ብለዋቸው ነበር እትዬ ቶርቦርግ ዋዜማውን። "አንተ ግን የማልክለት የለም።"

"ይህን መዝሙር" አሉ ጋሽ ኦርሊን፣ "አያቴ አልደረሰውም። እኔ ተሳስቼ ጻፍኩ፤ ስሕተቴን ሳውቅም ልደብቀው ደብተሩን ሰረቅሁ። የደረሰው ኤምብሪክ ቶርስታይንሰን ነው።"

ሰው እርስ በርሱ መተያየት እንኳ ፈራ።

በመጀመሪያው ረድፍ እትዬ ቶርቦርግ፣ የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ድምፁ አቅንተው፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

"ስሙን ድገመው" አሉ። "ከኋላ ያሉት አልሰሙም።"

ጋሽ ኦርሊን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።