ማን አየኝ

ፎቶዬ የበር መዝጊያ አክሎ ግድግዳው ላይ ወጣ። ከጎኑ «43 ጊዜ» ይላል።

ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። በስብሰባው ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። ቁጥሩን የማውቀው የትም ስገባ ሰው መቁጠር የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ነው። መጀመሪያ የሳቀው ሥራ አስኪያጁ ነው። ከእሱ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያልሳቅነው ሁለት ብቻ ነን፤ እኔ፣ እና ላፕቶፑን ከትልቁ ስክሪን ጋር ያገናኘው ዲዛይነር።

ግድግዳው ላይ የተከፈተው የእሱ ገጽ ነው። እዚያ ላይ የሚታየው የተመልካቾች ዝርዝር ደግሞ አርብ አፓችን ላይ ልናወጣው የተዘጋጀነው አዲስ ነገር ነው፤ ስሙ «ማን አየኝ»። አንድ ሰው ገጽህን በከፈተ ቁጥር ከነፎቶው ይመዘገባል፤ ስንት ጊዜ እንደከፈተም ይቆጠራል። ከዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ እናቱ ናት፤ አሥራ አንድ ጊዜ።

«እናቱን በለጥሻት እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሥራ አስኪያጁ በእስክሪብቶው ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «አያችሁ? ይሄ ነው የምለው! ይሄን ያየ ሰው አፑን ይዘጋል? ቢሞት አይዘጋም!»

ተነሳሁ። ወንበሬን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ማስታወሻ ደብተሬን ያዝኩ። በሩን ግን እንደ ሰው አልዘጋሁትም።

ሥራዬ ሰው ማየት ነው። ከውጭ የተጋበዘ ሰው ትንሿ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ገና ያልወጣ አፕ ይሰጠዋል። እኔ ከአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳየው መስታወት ጀርባ ሆኜ አውራ ጣቱ የት እንደቆመ፣ ዓይኑ የት እንደተመለሰ፣ መቼ በረጅሙ እንደተነፈሰ በደቂቃና በሰከንድ እጽፋለሁ። ያለ እኔና ያለ ዲዛይነሩ ፊርማ ምንም ነገር አይወጣም። እየታየ መሆኑን አውቆ በወረቀት ያልፈረመ ሰውም እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም። በዚህ ቀልድ አላውቅም። ቢሮ ውስጥ «ዳኛዋ» የሚሉኝ ለዚህ ነው።

ሳይፈርም ያየሁት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከስምንት ወር በፊት ለሥራ ፈተና የመጣ ወጣት በር ተሳስቶ ትንሿ ክፍል ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ ያስፈረመችው መስሎኝ መጻፍ ጀመርኩ። እሱ ደግሞ ፈተናው ይሄ መስሎት አፑን እየነካካ ብቻውን ያወራል።

«ይሄን ቁልፍ እዚህ የቀበረው ማን ነው? ምን በደለው?» ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ «ኧረ ይሄ ገጽ ማለቂያ የለውም እንዴ? ሰው እራቱን አይበላም?»

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ሳቄ አመለጠኝ። መስታወቱ ድምፅ አያስቀርም። ቀና ብሎ አየ፤ ያየው የራሱን ፊት ነው። ለእኔ ግን ዓይን ለዓይን ገጥመን ነበር።

ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ የጻፍኩትን ወረቀትም ፊቱ ቀደድኩ። «አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ?» አለ ጆሮው ቀልቶ። «ታዲያ አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?»

አለፈ፤ ዲዛይነራችን ሆነ። በዚያው ሰሞን ሁሉም የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ የአፑን ጠርዝ ክብ ማድረግ ጀመረ፤ የእኛን ፎቶ፣ የእኛን ቁልፍ፣ የመልእክቱን ሳጥን ሳይቀር ክብ ያደረገው እሱ ስለሆነ «ክቤ» አሉት። እኔም ክቤ ነው የምለው። ስምንት ወር መስኮቱ ዳር አብረን ሻይ ጠጣን፤ ስለ ፊደል ውፍረት ተጨቃጨቅን። ብርጭቆዎቻችን ባዶ ከሆኑ በኋላም አንነሳም ነበር። እሱ ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አላልኩም። አውቶቡስ ውስጥ ግን ገጹን እከፍት ነበር። የድሮ ሱቆችን በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ፎቶ እያነሳ ይለጥፋል፤ ሌላ ነገር የለበትም። እኔም ሌላ ነገር አልፈለግኩበትም።

ቢሮአችን የሚመራው በሁለት ቃል ነው፤ «እነሱ ጋ አለ»። እነሱ የሚባሉት ሁለቱ ትልልቅ ተፎካካሪዎቻችን ናቸው። እነሱ የመውደጃውን ኮከብ ልብ ሲያደርጉት ኮከባችን ልብ ሆነ። እነሱ ጋ ፎቶ ባንድ ቀን መጥፋት ሲጀምር የእኛም ጠፋ። እነሱ የገጹን መጨረሻ ቆርጠው ሲጥሉ እኛም ቆረጥን። ሥራ አስኪያጁ «እርስዎ» መባል የተወው እንኳ እነሱ ጋ አለቃን «አንተ» እንደሚሉ ሰምቶ ነው። ዘንድሮ እነሱ ጋ የመጣው «ማን አየኝ» ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰውየውን፣ ያንን ስልኩን ይዞ የተቀመጠውን ሰው፣ «ትፈልጋለህ?» ያለው የለም።

ክቤ ደረጃው ላይ ደረሰብኝ።

«ስሚኝ አንዴ።»

«አልሰማህም።»

«የማሳያ አካውንት ነበረኝ፤ በውሸት ስሞች የተሞላ። መቀየር ረሳሁ።»

«አንተ? የአንድ ቁልፍ ቀለም ሁለት ቀን የሚፈጅብህ ሰው ነህ ረሳሁ የምትለኝ?»

የደረጃውን ድጋፍ ያዘ። 

«ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥሩን አየሁት» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ ደግሜ አየሁት። ስብሰባ እስክንጠራ ድረስ እሱኑ ነበር የማየው። ደስ ብሎኝ... ደስ ብሎኝ ነው የረሳሁት።»

ይሄን ቃል ስምንት ወር ጠብቄዋለሁ። ሲመጣ ግን ያገኘው ንዴቴን ነው።

«ሁለት ሰዓት ላይ አወቅክ። ጠረጴዛዬ ካንተ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ነበረህ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላልክም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን ፈርተህ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው አሳየኸኝ!»

«አንቺስ?» ድምፁ ከፍ አለ። «ሰው በመስታወት ጀርባ እያየሽ አይደል የምትውይው? እኔን ሳልፈርም አይተሽኝ የለም?»

«ባወቅኩበት ደቂቃ ነግሬሃለሁ! ወረቀቱን ፊትህ ቀድጃለሁ! አንተ ፊቴን ግድግዳ ላይ ለጠፍከው። አርብ ደግሞ የሰዉን ሁሉ ፊት ልትለጥፍ ነው።»

«እኔ ባልሠራው ሌላ ሰው ይሠራዋል። እነሱ ጋ...»

አፉ ላይ ቆመ። እሱም ሰማው።

«ጨርሰው» አልኩት። «እነሱ ጋ አለ፤ ከወጣ ደግሞ ቃል እንደተገባልህ ዋና ዲዛይነር ትሆናለህ። እንኳን ደስ ያለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው «ዳኛዋ»ን ትቶ «አርባ ሦስት» ይለኝ ገባ። ሊፍት ውስጥ አንዷ ለሌላዋ «አርባ ሦስት መጣች» ስትል ሰምቻታለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ አንድ መስመር ብጽፍ ክቤ የእኔን ገጽ ስንት ጊዜ እንደከፈተ ኮምፒውተሩ ይነግረኛል፤ ለሥራዬ የተሰጠኝ መብት ነው። ጣቴ ሁለት ጊዜ ሄደ። ሁለት ጊዜ መለስኩት። እሱን ካደረግኩ የምናደድበት ምክንያት አይኖረኝም፤ ንዴቴ ደግሞ በዚያ ሳምንት የነበረኝ ብቸኛ ንብረት ነው።

ሰኞ ማታ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። የሚያዝንልኝ ሰው ፈልጌ ነበር።

«አርባ ሦስት በስንት ቀን?»

«በሃያ አንድ፤ ቆጠራው የተጀመረው ያኔ ነው።»

በጣቷ አሰላች። «በቀን ሁለቴ፤ አንድ ቀን ሦስቴ። ሦስቴ ያየሽበት ቀን ምን ሆኖ ነው?»

«... ፀጉሩን ተቆርጦ።»

ትራሱን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም መሳቅ ጀምሬ ነበር፤ የግድግዳው ፎቶ ትዝ ሲለኝ ግን አለቀስኩ። ያን ጊዜ እሷም መሳቋን ትታ «ወይኔ እህቴ፣ እሱን ሰውዬ አምጪልኝ» አለች።

ማክሰኞ ለክቤ አንድ መስመር ጻፍኩለት። «ነገ አራት ሰዓት ከመስታወቱ ጀርባ ና። ካልመጣህ ዳግመኛ አታናግረኝ።»

መጣ። በመካከላችን አንድ ወንበር ትተን ተቀመጥን።

በመስታወቱ ማዶ የተቀመጡት ሴት ልብስ ሰፊ ናቸው። የመለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ነው የመጡት። የፈቃዱን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙ። አፑን የሚከፍቱት ለአንድ ነገር ብቻ መሆኑን ነገሩኝ፤ የልጃቸውን ገጽ ለማየት። ልጃቸው ስላገባችው ሰው ክፉ ተናግረው ከተኳረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አትደውልም፤ ሲደውሉላት አታነሳም። ገጿን ግን አልዘጋችባቸውም።

«ጠዋት መኪናዬ ላይ ከመቀመጤ በፊት ዛሬ ምን ለበሰች ብዬ አያለሁ» አሉ፤ መኪናዬ የሚሉት የስፌቱን ነው። ፎቶውን በሁለት ጣት አሰፉት። «ይኸው፣ ይሄ ቀሚስ ትከሻው ወድቋል። ማን ሰፋላት? ሰው የለም?»

ከዚያ አዲሱን ዝርዝር ከፈቱ። መጀመሪያ የራሳቸውን ገጽ ማን እንዳየ አነበቡ፤ ጎረቤት፣ ደንበኛ። ፈገግ አሉ። አውራ ጣታቸው በድንገት ቆመ። ሰዓቴን አየሁ።

«ቆይ እስቲ። እሷም እንዲህ ታየኛለች ማለት ነው?»

ማንም አልመለሰላቸውም፤ ደንቡ ነው። ስልኩን በፊቱ ደፉት። ሁለቱንም መዳፋቸውን በላዩ አደረጉበት፣ ክዳኑ እንዳይነሳ እንደሚጫኑት ነገር። ሠላሳ ሰከንድ። አንድ ደቂቃ። «በየቀኑ መሆኑን ካወቀች ትዘጋብኛለች» አሉ ለማንም ሳይሆን። ሁለት ደቂቃ። እኔ እየጻፍኩ ነበር።

የክቤ ወንበር ተንኳኳ። ቀና ስል የለም፤ የትንሿ ክፍል በር ተከፍቶ ከመስታወቱ ማዶ ቆሟል። ይሄን እስከዛሬ ማንም አድርጎት አያውቅም። ሥራዬን አበላሸብኝ።

«እናቴ፣ አይፍሩ። ገና አልወጣም፤ ልጅዎ ምንም አላየችም» አለ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ልክ ልብስ ሊሰፉለት እንደሆነ። «ምን ነካህ ልጄ?» አሉት።



ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንን ጠራን። «ማን አየኝ» እንዲወጣ የምንፈርምበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ፈርሙና እንገላገል።»

«አልፈርምም» አልኩ።

«የሰኞው ነገር አናዶሽ ነው፤ ይገባኛል...»

«አልገባህም። የሰኞው ነገር በእኔ ብቻ አልቆ ቢሆን ኖሮ እፈርም ነበር።» የረቡዕን ማስታወሻ አስቀመጥኩለት። አላነበበውም። ወደ ክቤ ዞረ።

«አንተስ?»

ክቤ እስክሪብቶ አላነሳም። «ተዘግቶ ይውጣ። መታየት የሚፈልግ ሰው ራሱ ይክፈተው። ካልከፈተው አይቆጠርበትም።»

«ፈቃድ ከጠየቅናቸው ማን ይፈቅዳል?»

«ማንም» አለ ክቤ። «እሱን እኮ ነው የምልህ።»

«እነሱ ጋ...»

«እነሱ ጋ ሂዳና ቁጭ በል!» ጮኸ። ክቤ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም፤ ሥራ አስኪያጁም ሰምቶት አያውቅም። በቢሮው የመስታወት በር በኩል አሥራ ስድስት ሰው ቀና ሲል አየሁ።

ሥራ አስኪያጁ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አንኳኳ። አርብ እንደሚወጣ ለባለቤቶቹ ቃል ሰጥቷል፤ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም የሚለውን ደንብ ያወጣውም እሱ ነው። 

«ተዘግቶ ይውጣ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ዋና ዲዛይነርነቱን ግን እርሳው። ከሰኞ ጀምሮ ማስታወቂያ ሳጥን ነው የምትሠራው።»

ክቤ «እዚህ ጽፈህ አስገባው» አለና የወረቀቱን ባዶ ቦታ አሳየው። ተዘግቶ ይውጣ የሚለው ቃል በእጅ ከተጻፈ በኋላ ፈረመ። እኔም ደግሜ አንብቤ ፈረምኩ።

ከሕንጻው ወጥተን በእግረኛው መንገድ ላይ ሄድን። ከሁለት መብራት በኋላ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«እኔም ያንቺን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አለ። እዪው። ሂሳባችን እኩል ይሁን።»

«አላይም። ቁጥር ይበቃኛል። አፍ አለህ አይደል?»

ቆመ። ሰው እየገፋን ያልፋል። «ገጽሽ ላይ ካምና ወዲህ አዲስ ፎቶ የለም» አለ። «አንዱኑ ነው የማየው። ጃንጥላሽ በነፋስ ተገልብጦ እየሰደብሽው ያለሽበትን። እንዲህ አድርጋ እኔን ብትቆጣኝ እላለሁ።»

«ይኸው ተቆጣሁህ።»

«አየሁ። ከጃንጥላው ይብሳል።»

«ገና ነኝ። ስምንት ወር አፍህን ዘግተህ ስለተቀመጥክ ገና አልተቆጣሁህም፤ ሰኞ ተከትለኸኝ ስትመጣ መጀመሪያ ይቅርታ ማለት ሲገባህ የማሳያ አካውንት ስላልከኝም ገና ነኝ።»

«ይቅርታ» አለ። ምክንያት አልጨመረበትም። አየሁት፤ ያለ መስታወት፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ እያየሁት መሆኔን እያወቀ።

እጁን ያዝኩት። ሰኞን ሁሉ፣ ሊፍቱን ሁሉ፣ ስምንቱንም ወር በአንድ ላይ ነበር የጨመቅኩት።

«አመመኝ እኮ» አለ።

«ይመምህ» አልኩት። አልለቀቅኩትም።